እርግዝናን በቀን ቆጠራ ለሚከላከሉ፣ ጳጉሜን እንዴት ትያዝ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለቤቱ። በቀን ቆጠራ ለሚጠቀሙ ሴቶች ሠንጠረዥ እያዘጋጀን ነው። የወር አበባ ዑደታቸው ከ26 እስከ 32 ቀን ሆኖ፣ ከ8ኛው እስከ 19ኛው ቀን የሚጠነቀቁትን ነው። ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነበር፤ ጳጉሜን ላይ ግን ተደናገርን። ከነሐሴ 30 ቀጥታ ወደ መስከረም 1 የሚዘሉ አሉ። ምን ያህል ያሳስታል? የወር አበባው ነሐሴ 26 ቢጀምር ብላችሁ አስሉልን።

አዋላጅ ነርስ፦
ያሳስታል፣ ያውም በክፉ ቦታ። ደም የታየበት ቀን 1 ይባላል። ነሐሴ 30 አምስተኛ፣ ጳጉሜን 3 ስምንተኛ፣ እንቁጣጣሽ 11ኛ፣ መስከረም 9 ደግሞ 19ኛ ቀን ነው። ስለዚህ ከጳጉሜን 3 እስከ መስከረም 9 ኮንዶም ወይም መታቀብ። ጳጉሜንን የዘለለች ሴት ግን ስምንተኛዋን መስከረም 3 ላይ ታገኛታለች፤ አምስት ቀን ያለመከላከያ አለፉ ማለት ነው። የወንድ ዘር በሴቷ ሰውነት እስከ 5 ቀን ይቆያል፣ እንቁላሏ ግን ከ24 ሰዓት አታልፍም። አደጋው ያለው እንቁላሏ ከመውጣቷ በፊት ባሉት ቀናት ነው፣ የተዘለሉትም እነሱው ናቸው። 2019 ዓ.ም. ላይ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን ስህተቱም 6 ቀን ይሆናል።

የዑደት ርዝመት ስትመዘግቡም እንዲሁ ነው። ከነሐሴ 20 እስከ መስከረም 13 ትክክለኛው 28 ቀን ነው፤ ጳጉሜን ከተረሳች 23 ተብሎ ይጻፍና ጤነኛዋ ሴት «ዑደትሽ አይመችም» ትባላለች።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፦
ሠንጠረዡን ትታችሁ የዑደት ቀን መቁጠሪያ ዶቃውን ስጧቸው ባይ ነኝ። 32 ፍሬ አለው፤ ቀዩ የወር አበባ መጀመሪያ፣ 12ቱ ነጮች የመጠንቀቂያ ቀናት። ቀለበቷን በየቀኑ አንድ ፍሬ ማሳለፍ ብቻ ነው፤ ጳጉሜን ትሁን ሚያዝያ ዶቃው አያውቅም።

ከጳጉሜን ይልቅ በብዛት የማየው ስህተት ደሙ ካቆመ በኋላ መቁጠር መጀመር ነው። ደም 5 ቀን ከፈሰሰ፣ የእሷ «ስምንተኛ» እውነተኛው 13ኛ ቀን ይሆናል።

በዓመት ሁለት ጊዜ ከ26 ያነሰ ወይም ከ32 የበለጠ ዑደት የመጣባት ሴት ዘዴውን ትተው። በቆጠራ የሚጠቀሙ 100 ሴቶች በተለመደው አጠቃቀም በዓመት 12 ያህሉ ያረግዛሉ፤ በክንድ የሚቀበረው ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም። ምርጫው የእሷ ነው፣ ቁጥሩን ግን ሳትደብቁ ንገሯት።

ጠያቂ፦
ከሦስት ወር መርፌ ወደ ቆጠራ ለምትሸጋገርስ?

አዋላጅ ነርስ፦
ዑደቷ እስኪስተካከል ቆጠራ የለም፣ ኮንዶም ነው። የወር አበባዋ ሳይመለስም ልታረግዝ ትችላለች፤ እንቁላል የሚወጣው ከደሙ ቀድሞ ነውና።

ፋርማሲስት፦
በነጭ ዶቃ ቀን ከተሳሳቱ ፖስትፒል (ከግንኙነት በኋላ የሚወሰድ ድንገተኛ መከላከያ እንክብል) በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይሻላል። እስከ 120 ሰዓትም ይሰጣል፣ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል። 0.75 ሚሊግራም ሁለት ፍሬ ከሆነ ሁለቱን በአንዴ። በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ትድገመው። ሪፋምፒሲን (የቲቢ መድኃኒት) ወይም ኢፋቪሬንዝ (የኤችአይቪ መድኃኒት) የምትወስድ ካለች አስቀድማ ትናገር፤ ያዳክሙታል። የተፈጠረ እርግዝና አያስወርድም። ቀጣዩን የወር አበባ ሊያፋጥን ወይም ሊያዘገይ ስለሚችል ያንን ዑደት በዶቃ አትመኑ፤ ከግንኙነቱ 3 ሳምንት በኋላ የሽንት ምርመራ አድርጉ። ለእንቁጣጣሽ ደግሞ ሱቁም ጤና ኬላውም ሊዘጋ ስለሚችል ኮንዶሙን ቀድማችሁ ያዙ።