ሃይሉክስ፦ ከተጨማሪው ታንከር ወደ ዋናው የሚወርደውን ናፍጣ እንዴት ልቆጣጠረው?

ባለ ፒካፕ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ኮመን ሬል (ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት ከአንድ የጋራ ቱቦ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄድበት) ናፍጣ ሃይሉክስ ነው፤ ዋናው ታንከር 80 ሊትር ይይዛል። ከጋቢናው ጀርባ፣ የጭነት ቦታው ላይ፣ 120 ሊትር የሚይዝ የላሜራ ታንከር ታስሯል። ከሥሩ 10 ሚሊሜትር ቱቦ ወጥቶ፣ በእጅ በሚዘጋ ቫልቭ አልፎ፣ የዋናው ታንከር መሙያ ቱቦ ላይ ይገባል። ቫልቩ ክፍት ሆኖ ከተረሳ ናፍጣው በዋናው መተንፈሻ ሞልቶ ይፈስና የኋላ ጎማውን ያርሰዋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ግማሹ እንኳ ሳይወርድ ይቆማል። ከቧንቧ ዕቃ ሱቅ 12 ቮልት ሶሌኖይድ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ) ገዝቼ ገጥሜ ነበር፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ቀጭ ይላል እንጂ ጠብ አያደርግም። ሞተሩ በቀጥታ ከተጨማሪው እንዲስብ ባለ ሦስት አፍ ቫልቭ ባስገባስ?

ፖምፓና ኖዝል፦
ከሶሌኖይዱ ልጀምር። የውሃ ሶሌኖይድ አብዛኛው የሚከፈተው በራሱ በውሃው ግፊት እየታገዘ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ይፈልጋል። ያንተ ታንከር ከመግቢያው ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ቢል የሚሰጠው ግፊት 0.04 ባር ብቻ ነው። ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚሳበው ትንሹ መርፌ ይነሳል፣ ቀጭ ይላል፣ ዋናውን መተላለፊያ የሚዘጋው የጎማ ሽፋን ግን አይነሳም። ስትገዛ ላዩ ላይ ከ0 ባር ጀምሮ እንደሚሠራ የተጻፈበትን ቀጥታ ከፋች፣ ማለትም ያለ ፈሳሹ ግፊት እገዛ የሚከፈተውን ፈልግ። ውስጡ ያለው ጎማ ናይትራይል ወይም ቫይተን የሚባለው ነዳጅ የሚችል ዓይነት ይሁን፤ ኢፒዲኤም የሚባለው ዓይነት ከሆነ ናፍጣ ሲነካው ያብጥና አንድም አይከፈትም፣ አንድም አይዘጋም።

ኤሌክትሪኩን ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚመጣ መስመር ውሰድ፣ 5 አምፔር ፊውዝ አስገባበት፣ ጋቢና ውስጥ ማብሪያ አድርግ። ዓይነቱ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚዘጋ መሆን አለበት። ሞተር ሲጠፋ ናፍጣውም ይቆማል፤ የረሳኸውን ቫልቩ ያስታውስልሃል። የእጁን ቫልቭ ግን አታውጣው፣ ከሶሌኖይዱ በፊት ይቀመጥ። ቆሻሻ ገብቶ ሶሌኖይዱ ሳይዘጋ ቢቀር የምትተማመነው እሱን ነው።

መጠኑን በግምት አትተው። ተጨማሪውን ሙሉ አድርገህ የቱቦውን ጫፍ በዋናው መግቢያ ከፍታ ላይ ያዝና ወደ 20 ሊትር ጀሪካን ልቀቀው፤ ሰዓት ያዝ። 20 ሊትሩ በ5 ደቂቃ ከሞላ በደቂቃ 4 ሊትር ማለት ነው። ታንከሩ እየጎደለ ሲሄድ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ፣ ሙሉ ሆኖ የለካኸው ትልቁ ነው፤ በእሱ ካሰብክ ከልክ በላይ አይወርድብህም። ዋናው ጌጅ ግማሽ ላይ ሲደርስ 40 ሊትር ቦታ አለው፤ 28 ሊትር ብቻ ላክ፣ ማለትም 7 ደቂቃ። ማብሪያው ላይ 12 ቮልት ታይመር ሪሌ (የተሞላለት ደቂቃ ሲያልቅ ኤሌክትሪክ የሚቆርጥ) ከጨመርክበት ራሱ ይቆርጣል።

የቆላ መንገድ፦
ግማሽ ሳይወርድ መቆሙ የመተንፈሻ ጉዳይ ነው የሚመስለኝ። ናፍጣው በወጣ ቁጥር አየር ካልገባ ታንከሩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና ይይዘዋል፤ ላሜራው ቀጭን ከሆነ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ፍሰቱ ሲቆም ክዳኑን በቀስታ ፍታው። ፉጭ ብሎ አየር ከሳበና መውረድ ከጀመረ መልሱን አገኘህ። ከታንከሩ አናት 8 ሚሊሜትር ቱቦ አውጣ፣ ከክዳኑ በላይ ከፍ አድርገህ አዙረውና አፉን ወደ ታች አድርገህ ትንሽ ማጣሪያ ግጠምበት። በኮረኮንች መንገድ አቧራ የሚገባው በዚያ ነው።

ክዳኑ ሲፈታም ካልወረደ የቱቦውን መንገድ እይ። መሐል ላይ ሽቅብ የወጣ ጉብታ ካለ አየር እዚያ ይቋጠራል። ከታንከሩ እስከ መግቢያው ቁልቁል ብቻ መሆን አለበት።

ሌላው፣ ታንከሩን እስከ አፉ አትሙላ። ናፍጣ በሙቀት ይሰፋል፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከሺህ 0.8 እጅ ያህል። አዲስ አበባ ጠዋት በ12 ዲግሪ የሞላኸው 120 ሊትር አዋሽ ስትወርድ 37 ዲግሪ ቢደርስ 2 ሊትር ተኩል ይጨምራል። 5 ሊትር ቦታ ተውለት።

ታንከሩ ከጋልቫናይዝ ቆርቆሮ ተሠርቶ ከሆነ ቀይረው። ዚንክ ከናፍጣ ጋር ሲገናኝ ሳሙና መሰል ነገር ያወጣል፣ እሱ ደግሞ ማጣሪያና ኖዝል ይደፍናል። መዳብ ቱቦም አታስገባ፤ ናፍጣውን ቶሎ ያበላሸዋል። ተራ ብረት ወይም አሉሚንየም ይበቃል። የቱቦ ማያያዣዎቹ ጥርሶች ላይ ነጭ ቴፕ አትጠቅልል፤ ቁርጥራጩ ቫልቩ አፍ ላይ ሄዶ ይቀመጣል። ነዳጅ የሚችል ማጣበቂያ አለ።

ባለ ፒካፕ፦
ታንከሩ ተራ ብረት ነው። ክዳኑን ፈትቼ ሞከርኩ፣ ፉጭ ብሎ መውረድ ጀመረ። ባለ ሦስት አፉ ቫልቭስ? በፖምፓስ ባደርገው?

ሁለት ታንከር፦
ባለ ሦስት አፉን ተወው። ኮመን ሬል ከሚስበው ናፍጣ የማያቃጥለውን ትኩሱን በመላሽ ቱቦ ወደ ዋናው ታንከር ይመልሰዋል። አንተ መሳቢያውን ብቻ ወደ ተጨማሪው ካዞርክ፣ ተጨማሪው ካሰብከው በላይ ቶሎ ያልቃል፣ ዋናው ደግሞ ሳትሞላው ሞልቶ ይፈሳል። በዚያ መንገድ መሄድ ከፈለግህ መሳቢያውንም መላሹንም አብሮ የሚያዞር ባለ ስድስት አፍ ቫልቭ ያስፈልጋል። ተጨማሪው ደርቆ ሳታውቅ ከቀጠልክ ደግሞ መስመሩ አየር ይስባል፣ ሞተር ይጠፋል፣ ማጣሪያው ላይ ባለው የእጅ ፖምፓ አየሩን ማስወጣት ሊኖርብህ ነው። ወደ ዋናው ማውረድ ይህ ጣጣ የለበትም።

ፖምፓ የሚያስፈልገው ታንከሩ ከመግቢያው ዝቅ ሲል፣ ለምሳሌ ሻንሲ ላይ ሲታሰር ነው። አንተ ከላይ ስላለህ ትርፍ ወጪ ነው። ከገጠምክም ልብ በል፦ ብዙዎቹ ትናንሽ የኤሌክትሪክ ፖምፓዎች ጠፍተውም ናፍጣ በውስጣቸው ያሳልፋሉ። ሶሌኖይዱ ያኔም አይቀርም።

ስለ ታይመሩ ግን ከላይ ካለው ወንድሜ ትንሽ እለያለሁ። ጌጁ ዳገት ላይ ስለሚዋሽ፣ ማብሪያውን የምትነካው ሜዳ ላይ ጌጁን አይተህ ይሁን። ታይመሩን ሁለቴ ማስነሳትም ቀላል ስሕተት ነው፤ ስለዚህ ከማብሪያው ጎን ቫልቩ ክፍት ሲሆን የሚበራ ቀይ መብራት አድርግ።

ፖምፓና ኖዝል፦
መብራቱ ትክክል ነው፣ ይጨመር። መውጫውን በተመለከተ፣ ከታንከሩ ወለል 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፤ ውሃና ዝገት ከሥር ይቀራል። ከዚያ በታች የማስወገጃ ቡሎን ይኑርና አልፎ አልፎ ፈትተህ ብርጭቆ ላይ እይ፤ ውሃው ከሥር ተለይቶ ይታያል። ከሶሌኖይዱ በፊት ሻካራ ወንፊት ይበቃል፤ ደቃቅ ማጣሪያ በዚህ ግፊት ፍሰቱን ያንቃል፣ ደቃቁን ሥራ የመኪናው ማጣሪያ ይሥራው።

መግቢያው ወፍራሙ የመሙያ ቱቦ ላይ መሆኑን አረጋግጥ፤ ከጎኑ ያለው ቀጭኑ መተንፈሻ ነው። እሱ ላይ ከተገባ ማደያ ስትቀዳ እየመለሰ ይረጭብሃል። ታንከሩ ላይ ብየዳ ካስፈለገ ባዶ ነው ብለህ አታስነካው፤ ባዶው ታንከር ውስጥ የቀረው ትነት ይፈነዳል። አውርደህ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግመህ አጥበህ፣ ውሃ እስከ ብየዳው አጠገብ ሞልተህ ብቻ። ይህ ሁሉ ለናፍጣ ነው፤ ቤንዚን መኪና ላይ እንዲህ በቱቦ ማውረድ አይሞከርም።