«ውርጭ መታው እንጂ አመዳይስ አልወረደም»፦ ሁለቱ አንድ አይደሉም እንዴ?

ቃል ፈላጊ፦
ሰላም ለቤቱ። ከደባርቅ በላይ ያሉ አንድ ገበሬ «ገብሱን ውርጭ መታው እንጂ አመዳይስ አልወረደም» ሲሉ ተሰማ። ሁለቱ ቃላት ተመሳሳይ ከሆኑ አንዱ ሳይኖር ሌላው እንዴት ይመታል? የምጠይቀው ለሥራ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጡ ተጓዦች የሦስት ቀን የአየር ትንበያ ወደ አማርኛ እየተመለሰ ነው፤ ለሌሊቱ ቅዝቃዜ የትኛው ቃል ይግባ? ርእሱ ደግሞ «የክረምት ትንበያ» ይላል። ያስኬዳል?

ሊማሊሞ፦
መጀመሪያ «ስሜን» በል። ሰሜን አቅጣጫ ነው፣ ስሜን አገር ነው። ርእሱን ደግሞ ዛሬውኑ አውርደው። በኅዳር «የክረምት ትንበያ» ያነበበ ሰው የዝናብ ልብስ ሸክፎ ይወጣና ሌሊት ቆፈን ይጫወትበታል። ፈረንጆቹ ብርዱን ወራቸውን የሚጠሩበትን ቃል ክረምት ብሎ መመለስ የትምህርት ቤት ልማድ ነው። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ ደመናው ስለሚሸፍን ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም። ውርጩ የሚመጣው በበጋ ነው።

ባለ አገባብ፦
«በጋ»ም አያስኬድም። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር በጋ ታኅሣሥ 26 ይገባል፣ መጋቢት 25 ይወጣል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው፤ ኅዳር ደግሞ ሙሉ በሙሉ በመፀው ውስጥ ናት። ስለዚህ «የመፀው ትንበያ» ይባል።

ሊማሊሞ፦
መምህር፣ የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በጋ የሚለው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ነው። ተጓዡ በሬዲዮ የሚሰማው እሱን ነው። «መፀው» ብለው ቢለጥፉለት የአበባ ጉብኝት ይመስለዋል።

ባለ አገባብ፦
ቢመስለው ምን አጠፋ? ጽጌም በዚያው ውስጥ ናት።

ጤዛ፦
ጥያቄው ስለ ውርጭ ነበር፣ እናንተዬ።

ግስ ቆፋሪ፦
ውርጩን ለጊዜው እንተወውና አመዳይን እንያዝ፤ ነገሩ ግልጽ ነው። አመድ + አይ። ግዕዝ «ቀዳማይ»፣ «ደኃራይ» እንደሚለው ሁሉ «አመዳይ» ማለት አመዳዊ፣ አመድ የመሰለ ማለት ነው። ንጋት ላይ ሣሩን ያየ ሰው አመድ የተነሰነሰበት ይመስለዋል። በዚህ ወር ቅባት ያልነካው ፊትም እንደዚያው ነው፤ «አመዳም» የሚለው ስድብ ከዚሁ ሳይመጣ አይቀርም።

ባለ አገባብ፦
ቅኔ ቤት በራፍ ላይ ቆሞ የሰማ ሰው እንዲህ ይላል። ግዕዙ «ሐመዳ» የሚል ራሱን የቻለ ስም አለው፤ ከበረድና ከአስሐትያ (ከውርጭ) ጋር ተሰልፎ በመዝሙረ ዳዊት የሚገኝ። አመዳይ የሐመዳ ልጅ ነው። አመድ ሌላ ቤት ነው። በአልፋው አ መጻፋችን ሁላችንንም ያስገምተናል፤ ፊደሉ ሐመሩ ሐ ነበር።

ግስ ቆፋሪ፦
መምህር፣ አመድስ በግዕዝ በምን ይጻፋል? «ሐመድ»። በዚያው በሐመሩ ሐ። ሐ፣ መ፣ ደ። ሁለቱን ቤት የሚለይ ግድግዳ የቱ ጋ ነው?

ባለ አገባብ፦
ፊደል አንድ ስለሆነ ሥር አንድ አይሆንም።

ግስ ቆፋሪ፦
ፊደል አንድ፣ ቀለም አንድ፣ ሁለቱም ተነስንሶ የሚገኝ። ሌላ ምን ይቅረብ?

ከኢየሩሳሌም፦
በዚህ ላይ ዕብራይስጡ የሚለው አለ። መዝሙር 147 ላይ በረዶውን እንደ በግ ፀጉር ካለ በኋላ ቀጥሎ «ክፎር ካኤፌር» ይላል፤ ክፎር አመዳይ ነው፣ ኤፌር አመድ ነው። አመዳዩን እንደ አመድ ይበትነዋል ማለት ነው፤ ድምፁም ሆን ተብሎ የተቀናጀ ነው። ግዕዙ ግን ግሪኩን ስለተከተለ ክፎር የነበረው ቦታ ላይ «ጊሜ» (ጉም) ገባ፣ «ከመ ሐመድ»። የ1954ቱ አማርኛም «አመዳዩን እንደ ባዘቶ ይሰጣል፤ ጉሙን እንደ አመድ ይበትነዋል» አለ። አመዳይ ወደ መጀመሪያው መስመር ሄደ፣ አመድ ሁለተኛው ላይ ቀረ። ስለዚህ ከአማርኛው ጥቅስ ተነሥቶ አመዳይና አመድ ዘመድ ናቸው ማለት ያስቸግራል፤ ከዕብራይስጡ ተነሥቶ ግን ምስሉ የቆየ መሆኑን ማየት ይቻላል። አንድ ነገር ልጨምር፤ «ባራድ» እዚህ የሚወርደው ጠጠሩ ብቻ ነው። ባዘቶ የሚመስለው «ሼሌግ» ይባላል። የእኛው «በረዶ» ግን ጠጠሩንም፣ ባዘቶውንም፣ ባልዲ ውስጥ የረጋውንም ይሸከማል።

ግስ ቆፋሪ፦
ይኸው! ተርጓሚዎቹ «እንደ አመዳይ ትነጣለች» ሲሉ ኢሳይያስ ላይ ያለውን ባዘቶ የሚመስል በረዶ ለማያውቅ አንባቢ በአገሩ ባለው ነጭ ነገር መተካታቸው ነው። አገራችን ውስጥ ያ ዓይነት በረዶ የት አለና።

ሊማሊሞ፦
የት አለ? በጥንቱ የቀይ ባሕር ወደብ በአዱሊስ በነበረው የግሪክ ጽሑፍ ላይ፣ ነጋዴው ኮስማስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገልብጦ ባቆየው፣ ስሙ ያልቀረልን የአክሱም ንጉሥ ስሜንን ሲገልጽ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚውጥ ተራራ ይላል። ዛሬም ቧሂትና ራስ ዳሽን ላይ አልፎ አልፎ ይጥላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በክረምት የሚወርደው ጠጠሩ ነው፣ ተከማችቶ ከሩቅ ነጭ ሆኖ ይታይና ፀሐይ ሲያገኘው ይሄዳል።

ጤዛ፦
እና ውርጩስ?

ግስ ቆፋሪ፦
ውርጭ ከ«ወረዛ» ነው። እርጥበት ሲወርድ።

ባለ አገባብ፦
ዘ እንዴት ጭ ሆነ? ጭ የሚወለደው ከጠ ነው፤ ሸጠ ሻጭ፣ ቆረጠ ቆራጭ። «ወረጠ» የሚል ግስ ያምጡና እንነጋገራለን። በተረፈ ግዕዙ «ቍር» እና «አስሐትያ» ይላል፤ አስሐትያን ትግርኛ «አስሓይታ» ብሎ አቆይቶታል። ለውርጭ ሥር አይፈለግለትም።

ግስ ቆፋሪ፦
አመድ በዱቄት ይስቃል።

አየር ጠባቂ፦
ሥሩን ስትጨርሱ ወደ ቅጠሉ ኑ። ገበሬው የተናገሩት ዓረፍተ ነገር ምንም ስሕተት የለበትም፤ ሜትሮሎጂውም እንዲሁ ነው የሚለው። ውርጭ ቅዝቃዜው ራሱ ነው፣ የሚያደርሰው ጉዳትም ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለውን መሬትም ውርጭ እንለዋለን፤ ያ ግን የቦታ ስም ነውና ትንበያው ውስጥ አይምታታ። አመዳይ ደግሞ ቅጠል ላይ የሚታየው ነጩ ነገር ነው። ነጩ እንዲታይ አየሩ ውስጥ በቂ እንፋሎት ያስፈልጋል።

በቁጥር እንየው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ አየሩ 9 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው እንበል። እርጥበቱ 80 በመቶ ከሆነ የጤዛ ነጥቡ (እንፋሎቱ መርጋት የሚጀምርበት ሙቀት) 6 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቀድሞ የሚወርደው ጤዛ ነው፣ ሌሊቱ ከበረታ ያው ጤዛ ይረጋል፣ ሲነኩትም ጠጣርና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። እርጥበቱ 45 በመቶ ከሆነ የጤዛ ነጥቡ ከዜሮ በታች 2 ይሆናል፤ እንፋሎቱ ውሃ መሆኑን ዘልሎ በቀጥታ ነጭ ሆኖ ይረጋል። ትክክለኛው አመዳይ ይህ ነው። 30 በመቶ ከሆነ የጤዛ ነጥቡ ከዜሮ በታች 8 ገደማ ይወርዳል። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 4 ቢደርስ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ ይረጋል፣ ላዩ ላይ ግን ምንም ነጭ አይታይም። ውርጭ መታ፣ አመዳይ አልወረደም።

እንዲያውም ነጭ የሌለበት ሌሊት ነው የሚከፋው። እንፋሎት ሲረጋ ሙቀት ይለቃል፤ ያ ሙቀት ቅዝቃዜውን ያዘገየዋል። በደረቅ ሌሊት የሚያዘገየው ነገር የለም፤ ቅዝቃዜው እስከ ንጋት ይወርዳል። ዝቅተኛው የሚመዘገበውም እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ፀሐይ ልትወጣ ስትል ወይም ገና እንደ ወጣች ነው፤ ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ወጥቶ «ዛሬስ ተረፍን» ማለት አይሠራም።

ለትንበያው የሚጠቅመው ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። ቴርሞሜትሩ የሚሰቀለው ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሰማዩ በጠራና ነፋሱ በቆመ ሌሊት ሣሩ ከዚያ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ዝቅ ሊል ይችላል። «ዝቅተኛው 3 ዲግሪ» የሚል ትንበያ ያነበበ ሰው ውርጭ የለም ብሎ ያስባል፤ ንጋት ላይ የድንኳኑን ገመድ በውርጭ ደርቆ ያገኘዋል። ደመና ከመጣ ወይም ነፋስ ሌሊቱን ከነፈሰ ነገሩ ይቀየራል፤ ነፋስ ላይኛውን ሞቅ ያለ አየር ከታችኛው ጋር ያደባልቃል። ነፋስ ያለበት ሌሊት ለሰው ቆዳ ይብሳል፣ ለገብሱ ግን ይሻላል።

ሊማሊሞ፦
በዚሁ ላይ የቦታውን ልጨምር። ድንኳን ከሚተከልባቸው ቦታዎች ሳንቃበር 3,250 ሜትር ገደማ ነው፣ ግጭ 3,600 ገደማ። ከፍታው 1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል በሚለው ስሌት ልዩነቱ 2 ዲግሪ ከምናምን ይመጣል። በተረጋጋ ሌሊት ግን ስሌቱ ይገለበጣል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ይፈስና ረባዳው ላይ ይተኛል። ከወንዙ ዳር ያለው ለጥ ያለ ሣር ለድንኳን ያማልላል፤ በጣም የሚቀዘቅዘውም እሱ ነው። ከ15 እስከ 20 ሜትር ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ መትከል ይሻላል፤ የገደሉ አፋፍ ላይ ግን አይሁን፣ ነፋስ አለ። የውሃ ጠርሙስ ተገልብጦ ይደር፤ በረዶ የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ አፉ ክፍት ይሆናል። የድንኳን መተንፈሻ ተዘግቶ ካደረ ደግሞ አመዳዩ ከውስጥ ይወርዳል፣ ከራስ ትንፋሽ።

ከኢየሩሳሌም፦
ከውስጥም አመዳይ ይባላል?

አየር ጠባቂ፦
ነጭ እስከሆነ ድረስ ይባላል።

ባለ አገባብ፦
አይባልም። አመዳይ ይወርዳል። ከትንፋሽ የመጣ ወረደ አይባልም።

ደጋ እርሻ፦
የገበሬውን ዓረፍተ ነገር ላስጨርስ፤ «መታው» ስላሉ ነው። ውርጭ የመታው ገብስ በማለዳ ጤናማ ይመስላል። ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ቅጠሉ ውሃ የጠጣ ጨርቅ መስሎ ይጠቁራል፣ በማግስቱ ይደርቃል። ትልቁ ጉዳት ግን የማይታየው ነው፤ ሰብሉ ሲያብብ ከተመታ ዛላው ይነጣል፣ ፍሬ አይዝም፤ ይህ የሚታወቀው ከቀናት በኋላ ነው። ስለዚህ በዚያው ጠዋት ተስፋ ቆርጦ ማጨድም፣ ተርፏል ማለትም ችኮላ ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ እንደሚታወቀው ረባዳ ላይ የተዘራ ሁሌ ቀድሞ ይመታል።

መከላከያውን በተመለከተ፣ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ መሬቱን ውሃ ማጠጣት ይረዳል፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ይለቃል። ደረቅ ገለባ የተነጠፈበት መሬት ግን ሙቀቱን ከታች ይይዝና ቅጠሉን ለብርድ ይተወዋል። ለድንችና ለጓሮ አትክልት ጆንያ ማልበስ ጥሩ ነው፤ እንጨት ተክሎ ቅጠሉን እንዳይነካ ማድረግ፣ ፀሐይ ስትወጣ ማንሣት። ጭስ ማጨስ ብዙ ይወደዳል፤ ነገር ግን የሚረዳው ጭሱ ሳይሆን እሳቱ ነው፤ ያውም አንድ ትልቅ እሳት አየሩን ወደ ላይ ቀድዶ ይሄዳል፣ ብዙ ትናንሽ ይሻላሉ።

ግስ ቆፋሪ፦
«ዋዜማ» የሚለው ቃል ራሱ...

ጤዛ፦
እባክህ አይሆንም።

ቃል ፈላጊ፦
ብዙ ተማርኩ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ረቂቁ ይኸውና፦ «የበጋ ትንበያ፣ ስሜን ተራሮች። ዛሬ ሌሊት ሰማዩ ይጠራል፣ ነፋሱ ይረጋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ውርጭ ይጥላል፤ በረባዳ ቦታዎች አመዳይ ሊወርድ ይችላል። ዝቅተኛው ሙቀት 2 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በሣር ደረጃ ከዜሮ በታች።» ይበቃል?

አየር ጠባቂ፦
ይበቃል። «በሣር ደረጃ» የሚለውን ግን «መሬት ላይ» በለው። ነገ ከነገ ወዲያ ደመና ከገባ ደግሞ ውርጩን አንሣው፤ የሦስት ቀን ትንበያ ሦስቱንም ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር መድገም የለበትም።

ባለ አገባብ፦
«ውርጭ ይጥላል» ምን ማለት ነው? ውርጭ ይመታል። አመዳይ ይወርዳል። በረዶ ይጥላል። ጤዛ ይወርዳል። የሚጥል ነገር ክብደት ሊኖረው ይገባል።

ደጋ እርሻ፦
በእኛ አገር ውርጭም ይጥላል።

ባለ አገባብ፦
አገርዎ የት ነው?

ደጋ እርሻ፦
መንዝ።

ባለ አገባብ፦
መንዝስ ይጥል ይሆናል።