ፓተንት ፈጠራን ያሳድጋል ወይስ ያንቃል?

አወያይ፦ ፓተንት ያለው ሰው የፈጠረውን ነገር ሌላው ያለ ፈቃዱ እንዳይሠራው ለተወሰነ ጊዜ፣ ዛሬ በአብዛኛው ለ20 ዓመት፣ መከልከል ይችላል። ይህ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ጥቀሱ።

መሐንዲሷ፦ ይጎዳል። ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተርን በእጅጉ አሻሽሎ በ1769 ፓተንት ወሰደበት። የብሪታንያ ፓርላማ ደግሞ እስከ 1800 አራዘመለት። ሆርንብሎወር የተባለ መሐንዲስ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ይዞ ቢመጣ፣ በዋት መብት ምክንያት ሊገፋበት አልቻለም። መብቱ ሲያበቃስ ምን ሆነ? በእንግሊዝ፣ ኮርንዎል ውስጥ የማዕድን ጉድጓድ ውኃ የሚያወጡ ሞተሮች ውጤት ከ1811 ጀምሮ በየወሩ ታትሞ ይወጣ ጀመር። የትኛው ሞተር በስንት ከሰል ስንት ውኃ እንዳወጣ ሁሉም ያያል። አንዱ ያሻሻለውን ሌላው ወስዶ ይጨምርበታል። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ እነዚያ ሞተሮች በአንድ መጠን ከሰል እጥፍና ከዚያ በላይ ይሠሩ ጀመር። ይህን ያመጣው መደባበቅ ሳይሆን መተያየት ነው።

ነጋዴው፦ እህቴ፣ ቦልተንን ዘለልሽው። የዋት ሸሪክ ማቲው ቦልተን ገንዘቡን ያፈሰሰው መብቱ እንደሚቆይ ስላወቀ ነው። ያለ እሱ ሞተሩ ወርክሾፕ ውስጥ በቀረ ነበር። መድኃኒትም እንደዚያው ነው። ዓመታት ይፈተናል፣ አብዛኛው ይወድቃል። ያለፈው በነጋታው የሚቀዳ ከሆነ ማን ይሞክራል?

ነርሷ፦ መድኃኒት ካነሣህ፣ የኢንሱሊን ፈጣሪዎች ፓተንታቸውን በ1923 ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሸጡት እያንዳንዳቸው 1 ዶላር ተቀብለው ነው።

ነጋዴው፦ የሠሩት እኮ በዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ነው። ወጪውን ሌላ ችሎላቸዋል።

ነርሷ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው! ፔኒሲሊንን እይ። ሳይንቲስቱ ፍሌሚንግ በ1928 አገኘው፤ በብዛት ሳይመረት ግን ከ10 ዓመት በላይ ቆየ። ኦክስፎርድ ውስጥ ፍሎሪ እና ቼይን የተባሉ ሳይንቲስቶች እንደገና አነሡት። ከዚያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ አወጣ፣ ኩባንያዎቹንም አገናኝቶ ዕውቀት እንዲካፈሉ አደረገ። በ1944 በፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ በተደረገው ውጊያ ለቆሰሉት ደረሰ። ስንት ሰው ተረፈ! ዋስትናው ከሕዝብ ኪስም ሊመጣ ይችላል።

መሐንዲሷ፦ ስለ ቦልተን ልክ ነህ፣ እቀበላለሁ። የእኔ ጥያቄ ርዝመቱ ላይ ነው። ለመድኃኒት የሚመጥን 20 ዓመት ለሶፍትዌር ዕድሜ ልክ ነው።

ነጋዴው፦ ስንት ይሁን ትያለሽ?

መሐንዲሷ፦ አምስት።

ነጋዴው፦ ለሶፍትዌር አምስት ይሁን፣ እስማማለሁ። የመድኃኒቱን ግን አትንኩብኝ።

ነርሷ፦ እሱን ገና አልጨረስነውም።