የጀልባ ቤንዚን መዋጮ እንዴት ልጠይቅ?

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት አካባቢ ነው። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ አምስት ሰው የምትይዝ ትንሽ የፋይበር ጀልባ አለችኝ። ሞተሯ 15 የፈረስ ጉልበት፣ ቱ ስትሮክ ነው። በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በሰዓት 6 ሊትር ያህል ይጠጣል። በዚያ ላይ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ይቀላቀላል፤ ዘይቱም ርካሽ አይደለም። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል።

እንግዶቼ ጓደኞችና ዘመዶች ናቸው። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ክትፎውንም ቢራውንም ተሸክመው ይመጣሉ። ችግሩ ሞተሩ ክትፎ አይበላም። ቀስ ብዬ መንዳት ሞከርኩ። ነዳጅ በደንብ ይቆጥባል፣ ግን ልጆቹ "ጋሼ፣ ንካው እንጂ!" ይላሉ፤ አባቶቻቸውም ይስቃሉ። ከተመለስን በኋላ ሂሳቡን ስናገር "በቴሌብር እልክልሃለሁ" ይሉና ወሬው እዚያው ይቀራል። ቀደም ብዬ ሳነሳው ደግሞ የአጎቴ ልጅ በሰው ፊት "ጀልባዋን ታክሲ አደረግካት እንዴ?" አለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ፣ ዝም አልኩ። በሰው ይህን ያህል ብዬ ዋጋ መቁረጥ አልፈልግም፣ ንግድ ይመስላል። የምፈልገው ቤንዚኑንና ዘይቱን እኩል እንድንካፈል ብቻ ነው።

ጀልባም ሆነ መኪና ይዛችሁ ከወዳጅ ጋር የምትወጡ፣ ሰው ሳይቀየም የነዳጁን መዋጮ ከጉዞው በፊት የምትሰበስቡት ምን ብላችሁ ነው?