የውሻ ቶንዶስ ምላጭ ይግላል፣ ጸጉር ይጎትታል፤ ምን ይሻለኛል?

ፑድል ወዳጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነኝ፣ እቤቴ ውስጥ የውሻ ጸጉር እቆርጣለሁ። አብዛኞቹ ፑድልና ማልቲዝ ናቸው። ማሽኑን እህቴ ናት ከአሜሪካ የላከችልኝ፤ ምላጩ የሚነቀል ዓይነት ነው። ቁጥር 10 ምላጬ ጀርባ ላይ ጥሩ ይሄዳል፤ ሆድ ጋ ሲደርስ ግን ይግልና መጎተት ይጀምራል። ውሻው ይጮሃል፣ ባለቤቱ ያፈጥብኛል። ቢላና መቀስ የሚስል ሰውዬ ሳለልኝ፣ ጭራሽ ባሰበት። አዲስ ልግዛ ወይስ ይድናል?

አባ ዝም፦
ዘይት ቀቢው። ሌላ ምንም የለውም።

የሜሪላንዷ፦
ዘይቱስ እሺ፣ ግን ብቻውን አያድነውም። እኔ እዚህ የውሻ ጸጉር ማስተካከያ ቤት ነው የምሠራው። "ምላጬ ዶለዶመ" ከሚባለው ብዙው አልዶለዶመም። ቆሽሿል ወይ ደርቋል።

እህቴ፣ ውሻውን አጥበሽ ነው የምትቆርጪው? አቧራ ያለበት ጸጉር ለምላጭ የብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው። ይታጠብ፣ እስከ ቆዳው ይድረቅ፣ ይበጠር። ማሽኑ ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ ምላጩን ንቀይና የላይኛውን ተንቀሳቃሽ ክፍል በአውራ ጣትሽ ወደ ጎን እስከ ግማሽ ግፊው። ሙሉ በሙሉ አታውጪው። መሃል ላይ የታመቀ ጸጉር ታያለሽ። በጥርስ ብሩሽ ጥረጊው፣ በሌላው ጎንም እንደዚያው። ከዚያ የስፌት ማሽን ዘይት ጠብ አድርጊበት፤ ጥርሱ ላይና ሁለቱ ክፍሎች የሚፋተጉበት ቦታ ላይ። ማሽኑን ትንሽ አስነሺና የተረፈውን በጨርቅ ጥረጊ። የምግብ ዘይት እየቆየ ይጣበቃል፣ እንዳትሞክሪው። አንዳንዱ ደግሞ ማሽኑን እያስነሳ ላምባ ውስጥ ይነክራል። እባክሽ! እሳት ነው።

ሆዱን ደግሞ መጀመሪያ ቁረጪ፣ ምላጩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ። ለምን ሁሉም ሰው ከጀርባ እንደሚጀምር አይገባኝም። በየመሃሉ ምላጩን በእጅ አንጓሽ ውስጠኛ በኩል ነክተሽ እዪው። አንቺን ካቃጠለሽ እሱንም ያቃጥለዋል።

ስለ ሰውዬው፦ ይሄ እንደ ቢላ ጠርዙ አይሳልም። የሁለቱም ክፍሎች የሚነካኩት ፊቶች ናቸው የሚሳሉት፣ ያውም ለዚሁ በተሠራ የሚሽከረከር ብረት ላይ። መሃላቸው በጣም ትንሽ ጎድጎድ ይላል። በተራ ድንጋይ ከተፈጨ ጥርስና ጥርስ አይገናኝም። ሁለቱን ክፍሎች አጣብቆ የሚይዘውን ሞላም አላልቶ መልሶት ይሆናል። ሲላላ አይቆርጥም፣ ሲጠብቅ ይግላል። ጥርሱ የተሸረፈ ካለ ጣይው፤ ቆዳ ይገባበትና ያቆስላል።

ቶንዶስ ጠጋኝ፦
ሌላ ምላጭ ካለሽ ግጠሚና ሞክሪ። ያም ካልቆረጠ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። ምላጩን ወዲያ ወዲህ የሚገፋው ፕላስቲክ ሲበላ ምላጩ ሙሉ አይሄድም። ቪቴውን በካቻቢቴ ፈተሽ የምትቀይሪው ዕቃ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ ደግሞ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቢ። ትራንስፎርመር 220ውን ወደ 110 ቮልት ያወርዳል እንጂ የእኛን 50 ሄርዝ 60 አያደርገውም። በማግኔት የሚንቀጠቀጡት ማሽኖች ይሄ ያደክማቸዋል። የአንቺው የሚሽከረከር ሞተር ካለው ግን ብዙም ግድ የለውም።

ፑድል ወዳጅ፦
ተባረኩ! ቁጥር 30 አለኝ፣ ገጥሜ አየሁት፤ እንደ ቅቤ ነው የሚቆርጠው። 10ሩን ደግሞ ገፋ አድርጌ ሳየው ፊቱ በሙሉ ተጭሯል፣ አንድ ጥርሱም ተሸርፏል። አዲስ እስኪመጣልኝ በ30 ልሥራ?

የሜሪላንዷ፦
እንደዚያ ከሆነ ማሽንሽ ደህና ነው፣ 10ሩን ተሰናበቺው። በ30 ባዶውን ግን ሆድ አትንኪ። 10 ወደ 1.5 ሚሊሜትር ጸጉር ይተዋል፣ 30 ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ቆዳው ይቆጣል። እላዩ ላይ የሚገጠመውን ማበጠሪያ ካገኘሽ እሱን አድርገሽ ጀርባና እግሩን ረዘም አድርገሽ ቁረጪ። ሆዱን ለጊዜው በመቀስ፣ ጫፉ ድቡልቡል በሆነው።