ባክሃንድ ስመታ ክርኔን ያመኛል፤ ምን ይሻለኛል?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሜዳ ቴኒስ እጫወታለሁ። በአንድ እጅ ባክሃንድ (የእጅን ጀርባ ወደ ኳሷ አዙሮ የሚመታውን) ስመታ ከክርኔ ውጪ በኩል ያለችው አጥንት ላይ ይጠዘጥዘኛል። አሁንማ ጀበና ማንሳትም አቃተኝ። ፎርሃንድ (በመዳፍ በኩል የሚመታው) ላይ ግን ደህና ነኝ። አጨዋወቴ ነው ወይስ ራኬቱ? ወጌሻ ጋ ልሂድ?

ፊዚዮቴራፒስት (ደብረ ማርቆስ)፦ ሳላይህ ባልፈርድም «የቴኒስ ክርን» የሚባለው ይመስላል። የእጅን አንጓ ወደ ላይ የሚያነሱት ጡንቻዎች ጅማታቸው የሚያያዘው እዚያች አጥንት ላይ ነው። ኳሷን ዘግይተህ፣ ክርንህን አስቀድመህ፣ አንጓህን ወደ ውስጥ አጥፈህ ከመታሃት ንዝረቱ ሁሉ እዚያው ጅማት ላይ ያርፋል። ጎበዝ ተጫዋቾች አንጓቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ቀልሰው ያጸኑታል። ጉልበቱን ከወገብና ከትከሻ ነው የሚያመጡት። ሰርቭ (ጨዋታ ማስጀመሪያው ምት) እና ፎርሃንድ በብዛት የሚጎዱት የክርንን የውስጥ በኩል ስለሆነ፣ እኔ የምጠረጥረው ባክሃንድህን ነው።

አሰልጣኝ፦ ወንድሜ፣ በሁለት እጅ መምታት ልመድ፤ ግራህ ጫናውን ይጋራል። ራኬቱንም አንቀህ አትያዝ። ደግሞ የእኛ አገር ከፍታ አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ ተራ ኳስ ይከንፋል፣ ሰው ይዘገይበታል። ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የሚሠራ ኳስ አለ፣ ግን የት ተገኝቶ! አንዳንዱ ኳሱን ለመቆጣጠር የራኬቱን ክር አክርሮ ያስወጥራል። ያ ደግሞ ለክርን ጠላት ነው። ትንሽ አላላው።

አንባቢ (ዳንግላ)፦ ወጌሻ አይናቅም እኮ። እኔን አሽቶ ነው ያዳነኝ።

ፊዚዮቴራፒስት፦ አልናቅነውም። ግን የቆሰለ ጅማት በኃይል ሲታሽ ይብስበታል። የስቴሮይድ መርፌም ቢሆን ለጥቂት ሳምንት ያስታግሳል እንጂ፣ ከዓመት በኋላ ሲታይ ያልተወጉት የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል።

እናት (ፍኖተ ሰላም)፦ ዶክተር፣ እኔ ራኬት ነክቼ አላውቅም። ልብስ ስጨምቅ ይኸው ሕመም ያዘኝ!

ፊዚዮቴራፒስት፦ እናቴ፣ አብዛኛው ታማሚ እኮ እንደ እርስዎ ቴኒስ የማይጫወት ነው። ለሁለታችሁም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ክንድን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ መዳፍን ወደ መሬት ማድረግ። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ውሃ ይዞ አንጓውን በጤነኛው እጅ ማንሳት፣ ከዚያ በታመመው ብቻ ቀስ አድርጎ ማውረድ። ትንሽ ቢቆረቁር ችግር የለውም፤ ሕመሙ ካደረ ግን ክብደቱን ቀንሱ። ወራት ይፈጃል፣ አትቸኩሉ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። እስከዚያ ጨዋታ ላቁም?

ፊዚዮቴራፒስት፦ ባክሃንዱን ለጊዜው ተወው፣ ፎርሃንድ ካላመመህ ቀስ ብለህ ተጫወት። ትንሿ ጣትህ ከደነዘዘች ወይም ክርንህ አልዘረጋ ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሐኪም ይይህ።