ከአባይ በረሃ ያገኘሁትን ዛጎል በመለየት እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከኖራ ድንጋይ ፍርስራሽ መካከል ድንጋይ የሆነ ዛጎል አገኘሁ። አካባቢው በጁራሲክ ዘመን ባሕር እንደነበረ አውቃለሁ፤ የቸገረኝ የዛጎሉ ማንነት ነው።

ሁለቱ ክዳኖች እንደተገጠሙ ናቸው። መጠኑ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል፤ ከሾጣጣው ጫፍ ተነስተው እንደ ማራገቢያ የሚዘረጉ ሸንተረሮች አሉት። አንዱን ክዳን ከመሃል ብከፍለው ግራና ቀኙ እኩል ይመስለኛል። ይህ የብራኪዮፖድ (ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ያለው የባሕር እንስሳ ዓይነት) ምልክት ነው፤ በአብዛኞቹ ሌሎች ባለ ሁለት ክዳን የባሕር ዛጎሎች ግን እኩል የሚሆኑት ሁለቱ ክዳኖች እርስ በርሳቸው ነው። ሆኖም አንዱ ጠርዝ ስለተሸረፈ በዚህ ብቻ መወሰን አልደፈርኩም።

ጫፉ ላይ ክብ ቀዳዳ የሚመስል ነገር አለ፤ ደረቅ ጭቃ ደፍኖታል። ኮምጣጤ ኖራን ስለሚበላ አልሞከርኩትም። እባካችሁ የምታውቁ፣ ሳልጎዳው በምን ላጽዳው? ቀዳዳው እውነተኛ ሆኖ ከተገኘስ ብራኪዮፖድ ነው ለማለት ይበቃል?